ባለቤቱ ያልታወቀ ዜማ

በመከር እርድ ላይ ካየኋቸው አራጆች እንደዚያ ሰውዬ ያስፈራኝ የለም። ከሩቅ ለቀን ሥራ የመጣ ነው። የምናረባውን የበረዶ አጋዘን ቀንዱን ጠምዝዞ ይጥልና ቢላውን ማጅራቱ ላይ ይሰካዋል፤ መንፈራገጡ ሳያበቃ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሰላም ስንለው ይተፋል።

"ይሄ ሰውዬ ከአጋዘኖቹ ጋር ቂም አለው እንዴ?" ይላል አብሮኝ የሚያርደው ዮቭና።

ያን ቀን ከመኪናው ቴፕ የመንደራችን ልጅ የኢንጋ የመጀመሪያ አልበም ይጮሃል። ጭፈራ ነው፤ መሀል ላይ ግን ከአያቷ የተማረችው ግጥም የሌለው ዜማ ገባ። እኛ ሳሚዎች፣ የሰሜኑ በረዷማ አገር ሰዎች፣ ለሰው ዜማ እናወጣለን፤ ዜማው እንደ ስሙ የራሱ ነው። የዚህኛውን ባለቤት ግን ኢንጋም አታውቀውም።

ሰውዬው ቀጥ አለ። ቢላውን ሳይነቅል አብሮ አዜመ፤ አንድም ቦታ አልሳተም። ያ የተኮሳተረ ፊት እንደ ሕፃን በራ።

"የኔ ነው!" አለ ደረቱን ደም በነካው እጁ እየደቃ። "እናቴ ናት ያወጣችልኝ! እኔ ነኝ!"

የኢንጋ አያት፣ እማማ ኤሌ፣ የያዙትን ገመድ ለቀቁ።

"ልጄን መንጋጋዋን ሰባብሮ ለሞት የጣላት ማን እንደሆነ ጠየቅኳት" አሉ። "መናገር አቃታት። ይህንን ዜማ አንጎራጎረችልኝና አረፈች። ኢንጋን ዝፈኚው ያልኳት ለዚህ ነው፤ ባለቤቱ ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም።"

ቢላ የያዝን ሁሉ ወደ እሱ ዞርን።