የበረዶ አገር ሰዎች ማዕድ

"እነዚህ ሰዎች ተጣልተው ነው እንዴ?" አሉኝ ዛሬ እትዬ ዘነበች፣ በርበሬ በረንዳ ባለው ሱቃቸው፣ ከጃንሆይ ፎቶ ስር ቁጭ ብለው።

በርበሬ ከሚጠቀልሉበት አሮጌ ወረቀት መሃል አንድ ጥንታዊ የፈረንጅ መጽሐፍ አግኝቼ እያሳየኋቸው ነበር። በበረዶ አገር የሚኖሩ የሰሜን ሕዝቦችን ልማድ በሥዕል ያሳያል። አጋዘን ጎማ የሌለው ጋሪ ይጎትታል፤ ሰው እግሩ ላይ ረጅም እንጨት አስሮ ይንሸራተታል።

የመጽሐፉ ግማሽ ለበርበሬ መጠቅለያ ተገንጥሎ ሄዷል። ከእኔ በፊት የስንቱ ወጥ ቤት አንብቦታል!

እትዬን ግን ያሳሰባቸው አንድ ሥዕል ነው። ቤተሰቡ ጠረጴዛ ከቦ እያንዳንዱ ከየራሱ ሳህን ይበላል።

"አልተጣሉም፣ ልማዳቸው ነው" አልኳቸው።

"ውይ በሞትኩት! ታዲያ ማን ያጎርሳቸዋል?"

ሳቅኩ። መጠቅለያ እንዳያጡ የያዝኩትን ጋዜጣ ሰጥቻቸው፣ መጽሐፉን ታቅፌ ራጉኤል ጀርባ ወዳለችው የኪራይ ክፍሌ ገባሁ።

ይኸው፣ ሥዕሉን ፊት ለፊቴ አስደግፌ ምሳዬን እየበላሁ ነው። እነሱስ ቢያንስ ጠረጴዛቸው አንድ ነው።

ወዳጆቼ፣ እናንተን ለመጨረሻ ጊዜ ያጎረሳችሁ ማን ነው? እስቲ ንገሩኝ። እኔን እናቴ ናት፣ ከጎጃም የወጣሁ ዕለት።