የአያት ማር

መጀመሪያ ያየሁት አውራ ጣቷ ላይ ያለውን የጥርስ ጠባሳ ነበር፤ ስንት ልጅ ነክሷት ይሆን ብዬ ተገረምኩ። ፓልዋሻ ፔሻዋር ከተማ ባለ ሆስፒታል ውስጥ ሕፃናትን መዋጥና መናገር የምታስተምር ባለሙያ ናት። የወንድሜ ልጅ ላንቃው ተሰንጥቆ ስለተወለደ፣ እሷ ከሰጠችው ልዩ ጡጦ በቀር ምንም እንዳይቀምስ አዝዛ ነበር።

እኛ ዘንድ ግን አራስ ልጅ ከሽማግሌ ጣት ማር ካልላሰ የአያቱን ጠባይ አይወርስም። አባቴ ሼር አፍዛል ፓልዋሻ ዘወር እስክትል ጠብቆ፣ ማር የነከረበትን ጣቱን ሕፃኑ አፍ ውስጥ ከተተ። ሕፃኑ ታነቀ፤ ከንፈሩ ጠቆረ።

ፓልዋሻ ሮጣ ሕፃኑን ስትነጥቀው አባቴ ከዘራውን ትከሻዋ ላይ አሳረፈባት።

«አንቺ ማን ነሽ? የኔ ደም ነው!»

«ደምዎ ከሆነ ለምን ይገድሉታል፣ ባባ?»

ሁለተኛው ምት ጆሮዋን አደማው። እሷ ግን ሕፃኑን ክንዷ ላይ በአፍጢሙ ደፍታ ጀርባውን ደጋግማ መታችው። ማሩ ከአክታ ጋር ወጣ፤ ልጁም ክፍሉን በጩኸት አናወጠው። ጩኸት እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባቴ ከዘራውን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ጠባዬን በምን ይወርሳል?»

«ጩኸቱን አይሰሙም? ወርሷል።»

ሕፃኑን ለእናቱ አስታቀፈችና፣ ደሟን በሻሿ እየጠረገች ወደ ሌላ አልጋ ሄደች።