ጾሜን ላለመፍታት የተውኩት ኪኒን

ግትር ነኝ። እናቴ «ይህች ልጅ አንዴ ከያዘች አትለቅም» ትለኝ ነበር። ያን ዓመት የያዝኩት ግን ስሕተት ነበር።

ደብረ ማርቆስ አስተምር ነበር። ዓይኔ ብዥ ብሎ፣ ግራ እግሬ ደንዝዞ አዲስ አበባ ስታከም ሐኪሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል፣ የነርቭን ሽፋን የሚያቆስል በሽታ ነው አለኝ። «ፈጽሞ አይጠፋም፤ ኪኒኑ ግን ይይዘዋል። ጠዋት ጠዋት ከምግብ ጋር ውሰጂ፤ ሳትጠይቂኝ እንዳታቋርጪ።» ወሰድኩ፤ ተሻለኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጣጣ መጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ምን በልቶ ይውጥ? ማንንም አልጠየቅኩም። ደግሞስ ደህና ነኝ ብዬ ኪኒኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ጾሙ እስኪፈታ ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም ኮራሁ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ ስል እግሬ ከዳኝ፤ ተማሪዎቼ ፊት ተዘረርኩ። አዲስ አበባ ወስደውኝ አምስት ቀን በደም ሥሬ መድኃኒት ተሰጠኝ። ሐኪሙ ኪኒኑን በማቋረጤ በሽታው እንደተነሣብኝ ነገረኝ። «እግርሽ ምን ያህል እንደሚመለስ አላውቅም» ሲለኝ አለቀስኩ።

ቤት ስመለስ የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ጾሜን ላለመፍታት ብዬ ነው አልኳቸው፤ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ።

«እኔ ከቅቤ ጹሚ አልኩሽ እንጂ ከኪኒን መቼ አልኩሽ?» አሉ ተቆጥተው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። አንቺ ሳትጠይቂ ጠመጠምሽ።»

አፈርኩ። «ቀኖና ይስጡኝ አባ፤ ልስገድ።»

«በየትኛው እግርሽ?»

ሁለታችንም ሳቅን። «ቀኖናሽ ኪኒኑ ነው» አሉ። «በየጠዋቱ ቀምሰሽ ትውጫለሽ። ስግደቱ እግርሽ ሲመለስ ይደርሳል።»

ዓመቱን ሙሉ ዋጥኩ። መጀመሪያ ግድግዳ ይዤ፣ ኋላ በከዘራ ሄድኩ። ተቀምጬም ቢሆን ማስተማር ጀመርኩ። ግራ እግሬ ዛሬም ትንሽ ይጎተታል።

በዓመቱ የስቅለት ዕለት ማለዳ በር ተንኳኳ። አባ ናቸው። አገር ምድሩ እህል በማይቀምስበት ቀን ከጋቢያቸው ሥር ቁራሽ ዳቦ አወጡ።

«ዛሬን ታልፊዋለሽ ብዬ ጠርጥሬ ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ኪኒኑን አልነካሁትም ነበር። ዳቦውን ጎርሼ ኪኒኑን እስክውጥ ድረስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከዘራዬን አስቀምጬ ከሴቶቹ ጋር ሰገድኩ። የቻልኩት አሥራ ሁለት ነው፤ አሥራ ሁለቱንም ማንም ሳይደግፈኝ ተነሣሁ።