«የሳቸው ይቅደም» ያልኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ዝናቡ ልቁም አልቁም እያለ ሲያመነታ ነው። ነገሩን የሰማ ሰው ሁሉ ደግ ሥራ እንደሠራሁ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ግን እንደዚያ ብዬ ልጠራው አልደፍርም። ከአፌ በደንብ ወጥቶ ስለማያውቅ እስኪ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምኖረው መካኒሳ ነው። ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ታላቋ መክሊት ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ላፍቶ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ደንበኛ ትቀበላለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ሠርግ ሲኖር ዕቃ ተሸክማ ከፎቶ አንሺው ጋር ትሄዳለች። ፎቶ አንሺው ናሆም ይባላል፤ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት «መክሊት፣ እስኪ እዚያ ጋ ቁሚልኝ» ይልና መብራቱን በእሷ ይሞክራል። እሷም ምላሷን ታወጣበታለች፣ ዓይኗን ታንሸዋርርበታለች፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ሙሽራ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትቆማለች።

ማታ መጥታ ይህን ስታወራልኝ «ታዲያ አንዱን አሳጥበሽ አታመጪልኝም?» እላታለሁ።

«እማዬ ደግሞ! የመብራት መሞከሪያ ማን ያሳጥባል?» ብላ ትስቅብኛለች።

መክሊት ኩላሊቷን ታማ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ዐረፈች። ስለ በሽታዋ ብዙ አልጽፍም። በቀብሯ ሰሞን ናሆም ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ስለነበር ፎቶ ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ስለዚህ ድንኳን ውስጥ ያቆምነው ተማሪ ሳለች ለፈተና የተነሳችውን ጉርድ ፎቶ አስተልቀን ነው። ሲተልቅ ደበዘዘ። ለቅሶ የመጣው ሰው ጠጋ ብሎ እያየ «ይቺ ናት እንዴ?» ይላል። እኔም ለሌላ ሰው ልጅ የማለቅስ መሰለኝ።

ስልኳም በቁልፍ ቁጥር ተዘግቶ ቀረ። ታናሽ ወንድሟ ሊያስከፍተው ወሰደና ከፍተው ሰጡት፤ ውስጡ ግን ባዶ ነበር። ውስጡ ያለውን ሁሉ ካላጠፋነው አይከፈትም ነበር አሉት። ጓደኞቿ ስልክ ላይ ያሉት ፎቶዎች ደግሞ ወይ ከሩቅ ናቸው፣ ወይ ስልኩ የውሻ ጆሮና የድመት ጢም የቀጠለባት ናቸው። በዚያ ላይ እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ጋዙን ዘግቼ ከቤት ወጥቼ ሁለቴ የምመለስ ሰው ነኝ። ከስልኩ ወዲህማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ሁሉ ሊነጥቀኝ የመጣ ይመስለኝ ጀመር።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ናሆም እቤት መጣ። እንኳን ቡና፣ ውኃም አልቀምስም አለ። አቀርቅሮ ተቀመጠና፣

«እትዬ ብርቄ፣ የመክሊት ፎቶዎች እኔ ጋ አሉ» አለኝ። «የመብራት መሞከሪያዎቹን ከደንበኛ ፎቶ ውስጥ እያወጣሁ በስሟ አስቀምጫቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳኋት ነው። በጣም ብዙ ናቸው።»

እንዴት እንደሆንኩ ለመጻፍ አልችልም። ተነስቼ ግንባሩን ሳምኩት።

«ግን ኮምፒውተሩ ታሟል» አለኝ ቀጥሎ። «ድምፅ እያሰማ ነው። ቶሎ ወደ ውጪ መገልበጥ አለብን። መገልበጫ ሃርድ ዲስኬ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ከነቦርሳው ተሰርቋል።»

«ዕቃውን እኔ እገዛዋለሁ» አልኩት። «አንተ ብቻ ኮምፒውተሩን እንዳትነካው።»

በማግስቱ ጎፋ ወደ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሄድን። ሻጩ ጥርሰ ፍንጭት፣ ቀልደኛ ወጣት ነው። ሁለት ዓይነት አውጥቶ መስተዋቱ ላይ አስቀመጠልን። አንዱ ወፈር ያለ ጥቁር ሲሆን ብዙ ይይዛል። ሌላው ቀጭን፣ መዳፍ የማይሞላ ነው፤ የሚይዘው ግን ትንሽ ነው። ናሆም ዓይኑ ትልቁ ላይ ነበር።

«ሥራዬን ሁሉ ያወጣልኛል» አለ።

«ልዩነቱ ምንድነው?» ብዬ ሻጩን ጠየቅሁት።

«ማዘር፣ ትልቁ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር አለው። ትንሹ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም።»

«ቢወድቅስ?»

«ትልቁ ከወደቀ ያሰጋል። ትንሹ ይችላል።»

«መብራት ቢጠፋስ? ውኃ ቢነካውስ? አስመስለው የሠሩት አይሆንም? ውስጡ ባዶ ቢሆንስ?»

«ማዘር፣ ሃርድ ዲስክ ነው የሚገዙት ወይስ ሴት ልጅ እየዳሩ ነው?» አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ናሆም ብቻ አልሳቀም። ሻጩ የናሆምን ፊት፣ ቀጥሎ ጥቁር ልብሴን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ እናቴ» አለኝ።

ትንሹን መረጥኩ። ናሆም ትንሽ ቅር አለው። «የልጄን ይያዝልኝ እንጂ የአገሩን ሠርግ ሁሉ ይያዝልኝ አላልኩም» አልኩት። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አሁንም ይገርመኛል። ከዚያ ሻጩ እዚያው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ፣ ብዙ ነገር ገልብጦበት፣ የተገለበጠውን ከፍቶ እንዲያሳየኝ አደረግሁ። ደህና መሆኑን በዓይኔ ካየሁ በኋላ በመሀረብ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። ላፍቶ እስክንደርስ ታክሲ ውስጥ እጄን ከላዩ አላነሳሁም።

ፎቶ ቤቱ ስንደርስ ናሆም ኮምፒውተሩን አበራው። ለመነሳት ብዙ ቆየ። ከውስጡ በጥፍር ጣውላ የመቧጨር ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ናሆም ቀስ ብሎ ዕቃውን ሰካ። እኔ ከኋላው ቆሜ በልቤ እጸልያለሁ። በስሟ የተጻፈውን አሳየኝ፤ «መክሊት» ይላል። ይህን ለማንበብ የእኔ ትምህርት ይበቃል።

በዚህ መሀል አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ገባ። ዕድሜው የገፋ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ ሰው ነው። ጫማው ጭቃ ነክቶታል። ናሆም አውቆት ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ጋሽ ተካ፣ ምነው? ምን ሆኑ?»

«ባለቤቴ ዛሬ ንጋት ላይ ዐረፈች» አለ ሰውየው። «የሚቆም ፎቶ የለንም። ፎቶ አትወድም ነበር፣ ታውቃታለህ። አንተ የልጄን ሠርግ ስታነሳ ብቻ ነው እሺ ያለችው። ነገ ነው ቀብሩ።»

ናሆም እኔን አየኝ፤ ሰውየውን አየ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሼ። የሠርጉ ፎቶ እዚሁ አለ። ትንሽ ይቀመጡና የእሳቸውን ልጨርስ» አለው።

ሰውየው አልተቀመጠም። በሩ አጠገብ ቆሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮች ያያል። የሚያየው ግን እነሱን አልነበረም። እኔ ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። የሰው ፊት ደብዝዞ ድንኳን ውስጥ ሲቆም፣ ለቀስተኛውም «ይቺ ናት እንዴ?» ሲል ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ደግሞስ አስከሬን እቤቱ ያስቀመጠ ሰው እንዴት ተብሎ ተራ ይጠብቃል? የእኔ ሐዘን ወራት ቆይቷል፤ የሱ ገና አልተቀበረም።

«የሳቸው ይቅደም» አልኩ።

ናሆም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እትዬ ብርቄ፣ ይሄ ኮምፒውተር አያስተማምንም» አለኝ።

«አንድ ፎቶ አይደል? ቶሎ አውጣላቸው።»

«ከፍቶ አንዱን መምረጥ አይቻልም፤ ልክፈት ካልኩ ኮምፒውተሩ ይቆማል። የሠርጉን እንዳለ ነው የማወጣው። ሁለቱን አንድ ላይ ላውጣ ብልም አይችልም።»

ሰውየው መነጋገራችንን አየና «ካስቸገርኩ ልሂድ» አለ። እጁንም ወደ በሩ ሰደደ። በዚያች ሰዓት «አዎ፣ የእኔ ይቅደም» የሚል አፍ ከየት ላምጣ?

«እንዳለ አውጣላቸው» አልኩት ናሆምን።

መገልበጥ ጀመረ። ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ ትቆማለች፤ ደግሞ ትሄዳለች። ሰውየው በመጨረሻ ወንበር ላይ ዐረፍ አለና ስለ ሚስቱ ያወራን ጀመር። የሠርጉ ዕለት ካሜራ ባየች ቁጥር ሰው ጀርባ ትደበቅ እንደነበር ነገረን። «እኔ ስንቴ ለምኜ እምቢ ያለችኝን፣ በፎቶ የያዘልኝ ናሆም ነው» አለ። እኔ እሰማለሁ፤ ዓይኔ ግን መስመሯ ላይ ነው። ስትሞላ ትንፋሼ ተመለሰ።

«አለቀ» አለ ናሆም። «አሁን የመክሊት።»

በስሟ የተጻፈው ላይ ጫን አደረገ። ጠብቁ የምትለዋ ክብ ምልክት መዞር ጀመረች። የመቧጨሩ ድምፅ በረታ፤ ከዚያ አንዴ ቋ አለና ዝም አለ። የኮምፒውተሩ ፊት ጠቆረ።

ናሆም አጥፍቶ አበራው። እንደገና አጥፍቶ አበራው። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ነው ያመጣው። ናሆም ወደ እኔ አልዞረም።

ሰውየው ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። «የኔ ወጣ?» ብሎ ጠየቀ።

«ወጥቷል፣ ጋሼ» አለው ናሆም። ያቺን መርምሬ የገዛኋትን ዕቃ ነቅሎ ጎረቤት ወዳለው ማተሚያ ቤት ሄደና የሴትየዋን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ መጣ። ቆንጆ ፎቶ ነው። ሳቋን ልትይዘው ስትል ያመለጣት ትመስላለች። ሰውየው ፎቶውን በነጠላው ጫፍ ይዞ ተቀበለ። ከዚያ እጄን ይዞ ሳመኝ። ጥቁር መልበሴን እንኳ ያየ አይመስለኝም።

«እህቴ፣ ተራሽን ሰጥተሽኛል» አለኝ። «ልጅሽን ያሳድግልሽ። ወግ ማዕረጓን ያሳይሽ።»

«አሜን» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ከዚያ በኋላ ናሆም ያልሄደበት ጠጋኝ የለም። አንዱ ጋ ሲሄድ እኔም እከተለዋለሁ። በር ላይ ቆሜ የጠጋኙን ፊት አያለሁ፤ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ እቆም እንደነበረው። አንዱ ውስጡ ተፋፍቋል አለን። ሌላው ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። የመጨረሻው «ማዘር፣ ገንዘብዎን አይጨርሱ። እኔም ልቀበልዎት አልፈልግም» አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ግን ያን ቀን ጠላሁት።

ናሆም የጋሽ ተካን የሠርግ ፎቶዎች ከዳር እስከ ዳር ፈተሻቸው። መክሊትን ከየደንበኛው ፎቶ ውስጥ ለይቶ ያወጣት እሱ ራሱ ነውና ብዙ ተስፋ አላደረገም። አንድ ብቻ አገኘና አሳጥቦ አመጣልኝ። ሙሽራዋ መሀል ላይ ቆማለች። ከጎኗ አንዲት ልጅ ፀሐዩን ወደ ሙሽራዋ የሚመልስ ትልቅ ክብ ነጭ ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛለች። ጣቶቿና ጫማዋ ይታያሉ። ፊቷን ጨርቁ ሸፍኖታል። ጣቶቿ የመክሊት ናቸው። ናሆም ይህን ከሰጠኝ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ብሎኝ ቶሎ ያልፋል። አልቀየምኩትም። እኔም አላስቆመውም።

በአርባው ቀን ጋሽ ተካ ልጁን ልኮ ተዝካር ጠራኝ። ሄድኩ። ዘመድ አዝማዱን እየጠራ «ያቺ ደግ ሴት ይቺ ናት» እያለ አስተዋወቀኝ። በጀርባው ጸሎት የታተመበት የሚስቱን ፎቶ ሰጠኝ። የእኔ ነገር ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ቢያውቅ የሚስቱን ፎቶ እንደ ቀድሞው ሊያየው አይችልም ብዬ ነው። እንዲህ ሳስብ ደግሞ እናደዳለሁ። ሁሌ ለሰው ማሰቡን ማን ሰጠኝ?

ጎረቤቶቼ «ጽድቅ ነው፣ እግዜር ይከፍልሻል» ይሉኛል። በምን እንደሚከፍለኝ ግን አይነግሩኝም። ያ ሰው ዛሬ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቢገባ ምን እላለሁ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ደግሜ እንዳልቆም ብቻ ነው የምጸልየው።

የጋሽ ተካ ሚስት ፎቶ እቤቴ አለ። በሕይወት ያላየኋትን ሴት አሁን በደንብ አውቃታለሁ፤ ግንባሯ ላይ ያለችውን ምልክት፣ የወርቅ ጥርሷን ሳይቀር ዓይኔን ጨፍኜ ማየት እችላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልብስ እያጠብኩ ሳለሁ የመክሊት ሳቅ ትዝ አለኝ። ስትስቅ አንድ ጉንጯ ላይ ብቻ ስርጉድ ይል ነበር። በግራ ነበር በቀኝ? እጄን ከውኃው አውጥቼ ቆምኩ። ጠፋብኝ። ወንድሟን ጠርቼ ጠየቅሁት። «በግራ» አለኝ። ትንሽ አሰበና «አይ፣ በቀኝ መሰለኝ» አለ።