የእንግዴ ልጅ ማሰሮ

ጃቫ ውስጥ፣ ከዮግያካርታ ከተማ በስተደቡብ ባለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር የዋግየምን ማሰሮ የሚያህል የለም። ሸክላ መለየቱን ደግሞ ለኔ ተዉት፤ በጣቴ ቆርቆር ካደረግኩት ከማን እሳት እንደወጣ እነግራችኋለሁ። አንድ የሰማራንግ ነጋዴ እንዲያውም... እሱ ይቆየን።

ዋግየም የምትሠራው ትንሿን ክዳናም ማሰሮ ነው። ልጅ ሲወለድ እንግዴ ልጁ ታጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሷ ይቀበርና ሠላሳ አምስት ቀን መብራት ይበራለታል፤ የልጁ ወንድም ነዋ። አገሩ ሁሉ በዋግየም ማሰሮ ሲቀብር፣ እሷን ራሷን ግን ፅንሷ አራት ወር ሳይሞላው ሦስት ጊዜ አስወረዳት። የሦስቱንም እንግዴ ልጅ አማቷ ምባህ ካርሲ ቤቱ ደጃፍ በወጉ አስቀበረች።

የከተማዋ ሐኪም ሌላ ነገር አመጣች። እንግዴ ልጁ ውስጥ የደም ሥሮቹ በደንብ አላደጉ ይሆናል፣ ወይ ደም እየረጋ ዘግቷቸው ይሆናል፤ ሳላየው በግምት መድኃኒት አልሰጥም አለች። መታየት የነበረበት ሁሉ ግን ደጃፉ ሥር ነው፣ ያውም በምርጥ ማሰሮ።

ምባህ ካርሲ ይህን ስትሰማ፣ የልጅ ልጄን ወንድም እንደ ዓሣ ሊከትፉት ነው ብላ ሦስት ቀን እህል አልቀምስም አለች። ከጓዳ ሩዝ እየሰረቀች ትበላ እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

አራተኛው ፅንስ ሆስፒታል ውስጥ ወረደ። ነርሷ እንግዴ ልጁን ይዘሽ ሂጂ ስትላት ዋግየም ለሐኪሟ ስጪልኝ አለች። እናቱን ከነብር አብልጦ የሚፈራው ባሏ ንጋዲራን የዶሮ ጉበት ገዝቶ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለና ቤቱ ደጃፍ ቀበረ። እናቱ መብራቱን አበራች። መንደሩ ሠላሳ አምስት ቀን ሙሉ ለዶሮ ጉበት አንገቱን እየደፋ አለፈ።

ሐኪሟ አየችው፤ የደም ሥሮቹ በረጋ ደም ተዘግተዋል። የዋግየምም ደም ተመርምሮ ነገሩ ተረጋገጠ። አምስተኛውን ስትፀንስ ደም የሚያቀጥን መርፌ በየቀኑ ሆዷን እየተወጋች ዘጠኝ ወሯን ጨረሰችና ወንድ ልጅ ወለደች። ምባህ ካርሲ ለጠያቂው ሁሉ የኔ መብራት ያመጣው ነው አለች፤ ማሰሮ ታቅፋም ሆስፒታል ደረሰች።

ዋግየም ልጇን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ «እማማ፣ ሐኪሟ ይሄንንም ልየው ብላለች» አለች።

«አይታ ትመልሰው። ብቻ እንደዚያኛው ጉበት እንዳታመጡብኝ።»

ዋግየም ደነገጠች። «መቼ አወቁ?»

«በሦስተኛው ቀን ድመት ቆፍራ አወጣችው። ሐሞቱን እንኳ አላወጣችሁለትም።»

«ታዲያ መብራቱን ለምን ያበሩ ነበር?»

«ጎረቤት እያየ ላጥፋው?»

ይህን ብላ ማሰሮዋን የሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ወንበር ስባ መጠበቅ ጀመረች።