ሦስት ጊዜ የተተረተረው እጅጌ

የአሰላ ብርድ ሲጠና ሱቅ የተሰቀለው ሹራብ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ታየኝና፣ በኪሮሽ የራሴን ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ወገቡ ጠበብ ያለ፣ እጅጌው ሰፋ ብሎ አንጓው ላይ የሚሰበሰብ፣ ቀለሙ የበቆጂን የደረሰ ገብስ የመሰለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እናቴ ሰው መለየት ካቆመች ወዲህ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። አንድ ረድፍ በጨመርኩ ቁጥር ትንሽ እተነፍሳለሁ።

ግራ እጅጌውን በጨረስኩ ማግስት ለምሳ ከሥራ ስመለስ እጅጌው የለም። ተተርትሮ፣ ክሩ በወጉ ተጠቅልሎ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል። እናቴ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ምን ልበላት? እንደገና ሠራሁት። በሳምንቱ ደግማ ተረተረችው። ሦስተኛ ጊዜ ተተርትሮ ሳገኘው ግን ክሩንና ኪሮሹን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስሜን ረስታዋለች፣ ፊቴን ረስታዋለች፤ አሁን ደግሞ በእጄ የያዝኳትን አንዲት ደስታ እንኳ ታፈርስብኛለች።

«እማዬ፣ ምን በደልኩሽ?» አልኳት።

እንደማታውቀው ሰው አየችኝ። ከዚያ በፍጹም ትሕትና፣

«አይቆጡኝ እህቴ» አለችኝ። «ብብቱ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ይዘላሉ። ልጄም ትንሽ ሳለች እዚያው ላይ ነበር የምትስተው።»

ኪሮሹን ከእጄ ወሰደችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ይቀመጡ፤ ለእሷ እንዳሳየኋት ላሳይዎ።»