«ቁልፉ የሚለው ይሄንን ነው»

ይህ ነገር የደረሰው የነርስነት ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ነው። ጊዜው ሩቅ አይደለም። ከኮሌጅ ዘመኔ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይሄንን ግን መርሳት አልቻልኩም። ባስታወስኩት ቁጥር እንደ አዲስ እናደዳለሁ።

የመውጫ ፈተና የተፈተነ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ሰሞን ተማሪ መጽሐፍ አያነብም፣ ጥያቄ ይሸመድዳል። እኛም ጋ ከስልክ ስልክ የሚዘዋወር የጥያቄ ጥራዝ ነበር። ማን እንዳዘጋጀው የሚያውቅ የለም። የማኔጅመንቱም፣ የኢኮኖሚክሱም፣ የሒሳቡም፣ የእኛም የጤናው ጥያቄ አንድ ላይ ታጭቆበታል። መጨረሻው ላይ መልሶቹ ተደርድረዋል፤ እሱን ነው «ቁልፍ» የምንለው።

የማጠናው ከፈትያ ጋር ነበር። ፈትያ ሳቢያን ነው የምትኖረው፤ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አንድ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ናት። ትጉህ ናት። ባጃጅ ውስጥ እንኳን ሆና ጥያቄና መልሱን ታነበንበዋለች። እኔ ደግሞ በእጄ ካልሠራሁት አይገባኝም። በዚህ የተነሳ እሷ ሁልጊዜ ብዙ ገጽ ትቀድመኛለች።

አንድ ቀን የግሉኮስ ጥያቄ ላይ ደረስን። ለአንድ ሕፃን ግማሽ ሊትር ፈሳሽ በአራት ሰዓት ውስጥ እንዲሰጠው ታዟል። ቱቦው አንዱን ሚሊ ሊትር ሃያ ጠብታ አድርጎ የሚያወርድ ነው። በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ? ሠራሁት፤ አርባ ሁለት ግድም መጣ። ምርጫው ውስጥ አርባ ሁለት አለ። ቁልፉ ግን መቶ ሃያ አምስት ይላል። ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው።

«ፈትያ፣ ይሄ ተሳስቷል» አልኳት።

«አቦ ተይኝ ሂሩት። ቁልፉ የሚለው ይሄንን ነው። ያወጡት ሰዎች ከእኛ አያንሱም» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ብዙም ሳይቆይ ኮሌጃችን ሞዴል ፈተና ሰጠን። ያ ጥያቄ አንድም ቃል ሳይለወጥ መጣ። አርባ ሁለት ብዬ መለስኩ። ውጤት ሲለጠፍ ስህተት ተብያለሁ። ፈትያ አግኝታዋለች።

ስሌቱን በወረቀት ላይ ዘርዝሬ ጻፍኩና መምህራችን ቢሮ ሄድኩ። ሙቀቱ የሚያፍን ነበር፤ ማራገቢያው ይንቋቋል እንጂ ንፋስ የለውም። መምህሩ ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም።

«ለአንድ ማርክ ብለሽ ነው በዚህ ሙቀት የመጣሽው?»

«ማርኩ አይደለም መምህር። መልሱ ልክ አይደለም። እዚህ ሠርቼዋለሁ፣ ይዩልኝ» አልኩት።

«ቁልፉ የሚለው ይሄንን ነው። ዋናው ፈተና ላይ ቢመጣም የሚጠቅምሽ እሱ ነው። አሁን ሂጂና አጥኚ» አለኝ።

ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። ቤት እስክገባ ድረስ ለብቻዬ ስከራከር ነበር። እናቴ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ብላኛለች።

ከዚያ ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ተመደብን፤ እኔና ፈትያ የሕፃናት ክፍል ደረሰን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ከዋሂል ገጠር ልጇን ታቅፋ መጣች። አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ተቅማጥና ትውከት አድክሞት ዓይኑ ጎድጉዷል። ሐኪሙ አየውና ግማሽ ሊትር ፈሳሽ በአራት ሰዓት ውስጥ ይሰጠው ብሎ አዘዘ። ልክ እንደ ጥያቄው።

ክፍሉን የምትመራው ሲስተር አስቴር መርፌውን ራሷ አስገባች። ወዲያው ሌላ አልጋ ላይ ያለ ልጅ ትንፋሽ አጠረውና ወደዚያ ተጠራች። «ፈትያ፣ ጠብታውን አስተካክይለት» ብላት ሄደች።

እኔ የሌሎቹን ልጆች ሙቀት ለክቼ ስመለስ እናትየው በሻሿ ጫፍ ልጇን ታራግባለች። ዓይኔ ግሉኮሱ ላይ አረፈ። ጠብታው አንድ በአንድ ሳይሆን እየተሽቀዳደመ ነው የሚወርደው።

«በደቂቃ ስንት አደረግሽው?» አልኳት ፈትያን።

«መቶ ሃያ አምስት» አለችኝ። ፊቷ ፈክቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳትጠይቅ የሠራችው ሥራ ነበር።

ቱቦው ላይ ያለችውን የጠብታ መቆጣጠሪያ መዘውር ይዤ አጠበቅኳት። «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ የቱቦውን ማሸጊያ ከትሪው ላይ አንስቼ ሰጠኋት። ሃያ ጠብታ ተብሎ በጉልህ ተጽፎበታል። አነበበችው። «አሁን ቁልፉን ትተሽ ሥሪው» አልኳት፤ ለእሷም አርባ ሁለት ግድም መጣላት። በአራት ሰዓት ውስጥ መግባት ያለበት ፈሳሽ በሦስት እጥፍ ፍጥነት እየገባ ነበር። እንዲህ የደከመ ሕፃን ላይ ፈሳሹ ሳንባው ውስጥ ሊጠራቀም እንደሚችል ሁለታችንም ተምረናል።

ሲስተር አስቴርን ጠራናት። የልጁን ደረት በማዳመጫዋ አዳመጠች፣ ምን ያህል እንደገባ ከከረጢቱ ላይ አየች፣ ሐኪሙንም አስጠራች። እሱም መርምሮ ቶሎ ስለተደረሰበት ምንም አልሆነም፣ ግን ከአጠገቡ አትራቁ አለን።

ሲስተር አስቴር ነገሩን አልሸፋፈነችም። ለእናትየው በኦሮምኛ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ፈሳሹ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ነበር፣ ተስተካክሏል፣ ሲተነፍስ ቢከብደው ወዲያው ጥሪን አለቻት። ፈትያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅሳለች።

እናትየው ቆይታ በአማርኛ ጠራቻት። «አታልቅሺ ልጄ። ሰው ሲሳሳት ነው የሚማረው። በእኔ ልጅ ላይ ግን አትማሪ።»

ቁጣ የለበትም አነጋገሯ። ፈትያ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስክንወጣ ከልጁ አልጋ አልተነሳችም። ሊመሽ ሲል ልጁ ውሃ ጠየቀ። በኋላም ድኖ በእግሩ እየሄደ ወጥቷል።

በማግስቱ ሁለታችንም መምህሩ ቢሮ ገባን። የሆነውን በሙሉ ነገርነው። ቀና ብሎ ያየን ያን ጊዜ ነው።

«ዋናው ጥያቄ ላይ ስልሳ ጠብታ ነበር የሚለው። ጠብታው ደቃቅ የሆነውን የሕፃናት ቱቦ ማለቱ ነው። ሲገለበጥ ሃያ ተብሎ ተጻፈ» አለ።

በስልሳ ሲሠራ እውነትም መቶ ሃያ አምስት ይመጣል።

«መቼ አወቁ?» አልኩት።

«ያን ቀን፣ አንቺ ከወጣሽ በኋላ። ወረቀትሽን አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ውጤት ተለጥፎ ነበር እኮ። ለአንድ ጥያቄ ብዬ የሁሉን ተማሪ ማርክ ልነካካ?»

ባያውቅ ኖሮ እንዴት ቀለል ይለኝ ነበር። ፈትያ ከመምህር ጋር ቃል ተለዋውጣ አታውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ድምፅዋን ሳታለዝብ ጠየቀችው።

«ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ለእናቱ ምን እንላት ነበር? ቁልፉ ነው እንላት ነበር?»

«እሺ፣ አስተካክለዋለሁ» አለ፤ ተመልሶም ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

የመውጫ ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። ያ ጥያቄ ጭራሽ አልመጣም። እኔ አሁን ከተማው ውስጥ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። በተከታዩ ዓመት አንዲት የሰፈሬ ልጅ፣ ያው ኮሌጅ የምትማር፣ «አስረጂኝ» ብላ የሞዴል ፈተናቸውን ላከችልኝ። ጥያቄው አለ። ሃያውም አለ። ለመምህሩ ደወልኩለት። «ውይ፣ ረስቼው ነው» አለኝ። ያንን ያህል ተናድጄ ስልክ የዘጋሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለልጅቷ ስልሳ መሆኑን ነገርኳት፣ ለክፍሏ ልጆችም እንድትነግር አደረግኩ። ከዚያ ወዲያ ይታረም አይታረም አላውቅም።

እሱን ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ ሰው ነውና። ውስጤ ግን አልበረደም። ባለማወቅ የሚሳሳት ሰው አያናድደኝም፤ ፈትያም አላናደደችኝም። አውቆ ዝም ያለው ነው የሚያናድደኝ።

ለልምምድ ወደ እኛ የሚመጡ ተማሪዎች ግሉኮስ ከመንካታቸው በፊት የቱቦውን ማሸጊያ እንዲያነቡና ስሌቱን ፊቴ እንዲሠሩ አደርጋለሁ። «ሲስተር፣ ይሄንን እኮ እናውቀዋለን» ይሉኛል። ወረቀትና እስክሪብቶ እሰጣቸዋለሁ። ከኋላዬ ክፉ ናት እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ። ይበሉ።